በየጎፍ ጉም ውስጥ ሲጠብቁኝ የነበሩ ሴቶች

በዚያ ዘመን የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዝምተኛ ናት፣ የሰው ስሕተትም አታሳልፍም። ሁለቱም እውነት ነው። የተወለድኩት ኩታበር፣ ገጠር ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ስለነበር፣ አንደኛ ክፍል ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ እቀመጥ ነበር። እንደዚያ ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሰው በፊደል አይቀልድም። ተማሪ አንዲት ነጥብ ቢገድፍ አስደግመዋለሁ፤ ጓደኛዬ ወሬ ስታወራ የሰኞውን ማክሰኞ ካለች አቋርጬ አርማታለሁ። ጓደኛ ያልበዛልኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ማታ እየተማርኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ከዚያ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ትንንሽ ልጆች ማስተማር ጀመርኩ። ልጆች ፊት አንደበቴ አይያዝም። ትልቅ ሰው ፊት፣ በተለይ ጠረጴዛ ያለው ሰው ፊት ግን ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ቀበሌ ጉዳይ ሲኖረኝ የምለውን ቤቴ አጥንቼ እሄድና ሳልለው እመለሳለሁ። የቀረው ሕይወቴ መጽሐፍ ነበር፤ ለብቻዬ፣ በሬን ዘግቼ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ማንበብ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ክረምት ነው። በየክረምቱ ለዲግሪ ጂኦግራፊ እማር ነበር። መምህራችን ታምሩ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ በዕድሜ ከአብዛኞቻችን የሚያንስ ሰው ነው። ያሉበትን ቦታ በቁጥር የሚያሳዩ፣ በእጅ የሚያዙ ጂፒኤሶች አመጣና አንድ ጨዋታ ነገረን። ሰዎች ጫካ ውስጥ ዶቃና ቁልፍ የመሳሰለ ትንንሽ ዕቃ ያለበት ሣጥን ይደብቃሉ፤ የቦታውን ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ ፈላጊው መሣሪያውን እያየ ሄዶ ያገኘዋል። ከሣጥኑ አንድ ዕቃ ያነሣል፣ በምትኩ አንድ ዕቃ ያኖራል። ትርፉ ማግኘቱ ብቻ ነው። ጂኦካሺንግ ይባላል።

«ገንዘብ ይመስል ካሽ ብለው ጠርተውት ዶቃ ነው ያለበት?» አለ ከኋላዬ ይማም።

ይማም ኮምቦልቻ የሚያስተምር፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ሳይቀልድ ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ ሰው ነው። ለመስክ ሥራ ጥንድ ጥንድ ስንመደብ ከእሱ ጋር ደረሰኝ።

«አብሽሪ ስንዱ» አለኝ፤ «እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ታርሚኛለሽ። ሥራ ተከፋፈልን ማለት ነው።»

መምህር ታምሩ ሣጥኖቹን ክረምቱ ሲገባ የጎፍ ተራራ ደን ውስጥ ደብቋቸዋል። በየሣጥኑ ከትንንሽ ዕቃዎች ጋር ቀይ የተቀባ ብሎን አለ። ብሎኑን ይዞ ያልመጣ የመስክ ሥራ ነጥብ የለውም፤ ኮርሱን በሚመጣው ክረምት ይደግማል። እኔ ደግሞ ክረምት ማባከን የማልችል ሰው ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ዘግይቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ወረድን። ደሴ ላይ የለበስኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ አወለቅሁ፣ የጎፍ ላይ ስንወጣ መልሼ ለበስኩት። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ቀጥሎ ጽድና ወይራ ተደባልቀው መጡ። ያን ደን ከታች ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ ገብቼ ግን አላውቅም። መሬቱ የረገፈ ቅጠል ስለለበሰ የራሳችን ኮቴ አይሰማም። ከቅርንጫፉ ሁሉ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። አንድ ድኩላ መንገዳችን መሐል ቆሞ፣ የምናልፈው እኛ ሳንሆን እሱ የሚያሳልፈን ይመስል፣ አየት አድርጎን ዘወር አለ።

በጂፒኤሱ ላይ ያለችው ቀስት እየመራችን ወደ አንድ ያረጀ ጽድ ደረስን። ከዛፉ ሥር ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ሣጥን የሚያህል ቦታ ላይ ቅጠሉ ተጫጭኗል። ሣጥኑ ግን የለም።

«ጦጣ ወስዶታል» አለ ይማም። «አሁን የትኛው ጦጣ እንደወሰደው መጠየቅ ነው።»

«ቁጥሩን እንደገና እንየው» አልኩ።

ዛፉ ስለሸፈነን ቀስቷ መዞር ጀመረች፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ መጣንበት። ይማም ሰማይ ወደሚታይበት ገላጣ ቦታ ልውጣና አስተካክዬው ልምጣ አለ። «ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብሎኝ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። እሱ ከዓይኔ እንደተሰወረ ጉሙ ከታች፣ ከቦርከና በኩል ተነሥቶ መጣ። ዛፎቹን አንድ በአንድ እየወሰደ መጣ። የጽዱ ግንድ ላይ ያኖርኩት እጄ ብቻ እስኪቀረኝ ድረስ።

ጠራሁት። ድምፄ የትም የሚደርስ አልነበረም። ስልክ አይሠራም። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ነው ድቤ የሰማሁት፤ ከጉሙ ውስጥ፣ የቅርብም የሩቅም የማይመስል፣ ዝግ ያለ ምት፤ በላዩም የሴቶች ድምፅ። አንዳንዴ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የልጅነት ሰፈሬ ድምፅ ይመጣብኛል፤ እንደዚያ ነበር። መፍራት ሲገባኝ አልፈራሁም። እጄን ከዛፉ አንሥቼ ወደ ድምፁ ሄድኩ።

ጉሙ ሲሳሳ አንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ታየችኝ። የወልዩ፣ የደጉ ሼህ፣ መቃብር ያለባት፣ ሰው ሊለምን ዚያራ የሚመጣባት ቤት ናት። ከፊቷ ባለ ትልቅ ወይራ ሥር ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ፈንጠር ብለው ጥቂት ወንዶች ከአንድ ቃሬዛ አጠገብ ተቀምጠው ጉሙን ይመለከታሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ።

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉ ሸምገል ያሉ እናት፤ በኋላ እንዳወቅሁት እማ ሐዋ ይባላሉ። ዓይናቸው አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ላይ አረፈ፣ አለፈ። «ግቢ የኔ ዓለም፣ ጉሙ አረጠበሽ። ማንን ብለሽ በዚህ ቀን መጣሽ?»

«አፉ በሉኝ፣ ሥራችሁን አቋረጥኩባችሁ። ሣጥን እየፈለግሁ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን።»

ድቤው ቆመ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሌላዋ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል፣ «መጣች» አለች።

እማ ሐዋ እጄን ይዘው ወደ ጎጆዋ ጥግ ወሰዱኝ። ሣጥኑ ከጎጆዋ ክዳን ሥር፣ ዝናብ በማይነካው ድንጋይ ላይ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሴቶቹ እንጨት ሲለቅሙ ነው ያገኙት። ከፍተው ሲያዩ ዶቃ፣ መስታወት፣ ቁልፍ፣ ቀይ ብሎን። በዚያ ደን፣ በዚያ መቃብር አጠገብ፣ ተደብቆ የተቀመጠ የዶቃ ሣጥን ለእነሱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለት።

«ችግሯን ለሰው መናገር ያቃታት ሴት ናት አልን» አሉኝ። «በይፋ መጥታ ዱዓ ታስደርግ ነበር እንጂ ከዛፍ ሥር ለምን ትደብቀዋለች? እኛም የየራሳችንን ጨመርንበት። በየሐሙሱ ለራሳችን ለምነን ስንጨርስ፣ የሣጥኗን ባለቤት ጉዳይዋን ሙላላት እንላለን። ክረምቱን ሙሉ ስንልልሽ ከረምን።»

ሣጥኑን አየሁት። በመምህር ታምሩ ዕቃዎች ላይ የሕፃን አምባር፣ የተጠቀለለ ክር፣ ቁራጭ ጨርቅ ተጨምሯል። የጨዋታው ሕግ አንድ አንሥተህ አንድ አኑር ነው። እነሱ ምንም ሳያነሡ ሲያኖሩ ነው የከረሙት።

ልናገር አፌን ስከፍት እማ ሐዋ ጆሮዬ ሥር ገቡ።

«ያቺን ታያለሽ? ልጄ ናት። ሉባባ።»

ከጎጆዋ ግድግዳ ተደግፋ ምንጣፍ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል። ዓይኗን ብርሃን እንደሚያመው ሰው ጨፈን ከፈት ታደርጋለች።

«ሁለት አርግዛ ሁለቱም አልቀሩላትም። ይቺ ሦስተኛ ናት። ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አየቻትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልወረደች አታድርም አለችኝ። የቅሬው፣ የዕድራችን ሰዎች ይኸው ቃሬዛ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። እሷ ግን አልወርድም አለች። የሣጥኗ ባለቤት መጥታ ‹ስለቴ ሰመረ› ካላለችኝ ከወልዩ ጥላ አልወጣም ብላ ጨርሳለች።» እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ሰመረልኝ በያት። ሌላ ምንም አልልሽም። አንዲት ቃል ናት።»

አንዲት ቃል ነበረች። ያን ጊዜ በውስጤ የሆነውን በደንብ አስታውሳለሁ። የማስበው ስለ እውነትና ስለ ውሸት አልነበረም፤ እንድትወርድ ብቻ ነበር። ሉባባ ፊት ተንበረከክሁ፤ «ሰመረልኝ» ልላት ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ምን ነበር የለመንሽው?» አለችኝ።

«ልጅ» ማለት ነበረብኝ። ቀላሉ እሱ ነበር። ግን ዓይኗን ሳየው፣ ይህን ቃል ይዛ ወርዳ ልጇ ባይኖርላትስ አልኩ፤ እኔ በሰጠኋት ነገር ላይ ተደግፋ ብትወድቅስ?

«አልለመንኩም» አልኳት። «ሣጥኑ የእኔ አይደለም። ስለትም አይደለም። መምህራችን የደበቀው የጨዋታ ዕቃ ነው።» ከዚያ ሁሉንም፣ ጂፒኤሱን፣ ቁጥሩን፣ ብሎኑን፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እማ ሐዋ ከኋላዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲጥሉ ሰማሁ።

«ጨዋታ?» አለች ሉባባ።

«ጨዋታ።»

«የትልልቅ ሰዎች?»

«የትልልቅ ሰዎች።»

ሆዷን ይዛ ሣቀች። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻዋን ብቻ የሚያናውጥ ሣቅ ነበር። «ወላሂ እናንተ የተማራችሁት ሥራ ፈታችኋል» አለች። ከሴቶቹም አንዷ ሳታስበው ሣቅ አመለጣት። «እና ክረምቱን ሙሉ ዱዓ ያደረግነው ለማን ነው?»

ድቤ የያዘችው ሴት «ለመጣው ነዋ» አለች፤ «ሣጥኗን ብሎ ለመጣው።»

ሉባባ ቀረብ በይ አለችኝ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ልንገርሽ። ወልዩ ላይ ያመካኘሁት እንዳይነዘንዙኝ ብዬ ነው። ባለፈው እርግዝናዬ ሆስፒታል ወርጄ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ይሮጡ ነበር። ወረቀት አምጥተው ጣትሽን አሉኝ፣ አደረግሁ። ምን ላይ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስነቃ ልጁ የለም። ምን ሆኖ እንደሆነ የነገረኝ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አልገባኝም። ካሁን በኋላ ያልገባኝ ነገር ላይ ጣቴን አላደርግም ብዬ ነው አልወርድም ያልኩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንቺ መዋሸት እንደማይሆንልሽ አሁን አየሁሽ። እናቴ እየለመነችሽ እንኳ አልሆነልሽም። አብረሽኝ ትገቢያለሽ? የሚሉትን ሁሉ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ?»

ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ታየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ «እሺ» የሚለው ቃል እንኳ አልወጣኝም።

«ተነሡ» አለች ሉባባ ወደ ወንዶቹ። «እወርዳለሁ።»

የቅሬው ሰዎች እየተቀባበሉ ተሸከሟት። እነሱ በጉም ውስጥ የሚሄዱት እኔ በቤቴ ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንደምሄደው ነው። ከፊት ያለው ሰው «ድንጋይ» ሲል ከኋላ ያለው «ድንጋይ» ይላል፤ «ጭቃ» ሲል «ጭቃ»። የፊተኞቹ ሰዎች አይታዩኝም፤ ቃሬዛው በጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። እኔ ጎኗን ይዤ፣ እሷ የሹራቤን ጫፍ ይዛ ወረድን። ከመንገዱ ግራ ስሜን የሚጠራ ሰው ሰማን። ይማም ነበር፤ እርጥብ፣ የተደናገጠ፣ ጂፒኤሱን እንደ መብራት ወደ ፊት ዘርግቶ።

«እንዳትነቃነቂ ብዬሽ ሰው ይዘሽ መጣሽ?» አለ። ከዚያ የሉባባን ፊት አየና ቀልዱን ተወው። የአንዱን ሰው ትከሻ ነካ አድርጎ ቃሬዛውን ተቀበለ።

ቀይ ብሎኑ ትዝ ያለኝ አስፋልት ደርሰን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ይማም መምህሩ ወደሚጠብቅበት ሄደ፤ እኔ፣ ሉባባና እማ ሐዋ የሐረጎውን ዳገት ወደ ደሴ ወጣን።

የሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ነርሷ አንድ አስታማሚ ብቻ አለች። እማ ሐዋ ወደ እኔ ገፋ አደረጉኝ። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ጭቃዬን፣ ማተቤን።

«ምኗ ነሽ?»

ያጠናሁት መልስ አልነበረም። እህቷ አይደለሁም። ጎረቤቷ አይደለሁም። ትክክለኛውን ቃል ስፈልግ ሉባባ ከተኛችበት ቀና አለች።

«የለመንንላት ናት» አለች።

ነርሷ ትኩሳት ያስቀባጠራት መስሏት መሰለኝ፣ በሩን ለቀቀችልን።

ሐኪሙ መጥቶ መረመራት፤ ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። ሉባባ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። የሹራቤ ጫፍ አሁንም በእጇ ነበር፤ ሳብ አደረገችው።

«ይቅርታ» አልኩ። «ቀስ ብለው ይድገሙልን። አልገባንም።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ሰውየው ግን የድካም ትንፋሽ ተነፈሰና ወንበር ሳበ። የደሟ ግፊት ከመጠን በላይ መሆኑን፣ ቢጠብቁ ሁለቱም እንደሚጎዱ፣ አሁኑኑ በኦፕራሲዮን መውለድ እንዳለባት ነገረን። ለእሷ ነገርኳት። ላትነቃ እንደምትችል ያለውንም ነገርኳት። አልዘለልኩትም።

«ልጁስ?»

«እሱንም እርግጠኛ አይደሉም።»

«ወረቀቱን አንብቢው» አለችኝ።

ያን ያህል ዘመን አንባቢ ሆኜ ለትልቅ ሰው ጮክ ብዬ ያነበብኩት ያኔ ነው። ያልገባትን መስመር አስደገመችኝ። የማልተማመንበትን ቃል ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ። ስንጨርስ ጣቷን ራሷ ቀለሙ ላይ አደረገች፣ ወረቀቱ ላይም ራሷ አሳረፈችው። ጋሪው ሲገፋ ሹራቤን ለቀቀችው።

ከእማ ሐዋ ጋር ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። እሳቸው በእንባ የራሰ እጃቸውን ጭኔ ላይ አኖሩ። «ብትዋሺልኝ ኖሮ ይቅር እልሽ ነበር» አሉኝ ብቻ። የመግሪብ አዛን ከከተማው ሁሉ ሲሰማ በሩ ተከፈተ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሴት ልጅ። እናቲቱም በሕይወት አለች። እማ ሐዋ ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረዱ፤ እኔ አማተብኩ።

ሉባባ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጇ አልነበረም። «ምን አደረጉኝ? በተራ ንገሪኝ» አለችኝ። በተራ ነገርኳት። ከዚያ ነው «አምጡልኝ» ያለችው።

አንባቢዬ፣ ኮርሱን ደገምኩት። መምህር ታምሩ ብሎን የለም፣ ነጥብ የለም አለ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልሰጥም ነበር። ሣጥኑን ግን ሄዶ አላመጣውም። ይማም ክፍል ውስጥ «መምህር፣ እነዚያ ሴቶች ክረምቱን የለመኑት ላንተ ነው፤ ምን ሞላልህ?» ሲለው አንገቱን ደፋ። መምህሩ የዚያኑ ዓመት አገባ፤ ይማም እስከ ዛሬ ያጋባው የሴቶቹ ዱዓ ነው ይላል።

ዱዓቸው ለእኔም ደርሶ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የማላውቀውን አልናገርም። የማውቀው ይህን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ንባብን ከሰው የምሸሸግበት ቤት አድርጌው ነበር፤ ስሕተት ማረሜንም ሰዎች እንዳይቀርቡኝ አጥር። ሉባባ ሁለቱንም አየችና የሚያስፈልጓት ዕቃዎች ሆነው አገኘቻቸው። የየጎፍ ሰዎች ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሲመጡ «ያቺን የማትጨምር፣ የማትቀንስ አስተማሪ» እያሉ ሆጤ ድረስ መጥተው ይጠሩኝ ጀመር። ከየጎፍ አልፎ ሌላውም ሰማ። ዛሬም ጠረጴዛ ያለው ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ይያዛል። ልዩነቱ አሁን ከአጠገቤ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከሐኪም የተሰጣቸውን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ቆመው ሰጡኝ። ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ወደ አፌ እያዩ፣ «ደህና ነው አይደል የሚለው?» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው። ሲቀመጡ ጠበቅሁና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩላቸው።